በግድግዳዎ ላይ ስለሚገኘው ዜብራ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሌስተር ግሪምሾ
የታማራክ ፖይንት ከተማ ከንቲባና የምክር ቤቱ ሰብሳቢ
በጽሕፈት ቤታቸው

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለሚቀመጡበት ወንበርና ከወንበሩ በስተጀርባ ለተሰቀለው ምንጣፍ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ዘንድሮ ሰሜን ኦንታሪዮ በረዶውን ቀደም አድርጎ ቢልክብንም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማሞቂያ ያለ እረፍት እየሠራ መሆኑን ከጭስ ማውጫው ተመልክቼ ለእርስዎ ደስ ብሎኛል። እኛም በ«ቀይ ጓንት የትምህርት መርጃዎች» የምንሠራ ሦስት ሰዎች፣ ከአንዳችን በቀር፣ ደህና ነን። ስለ አንዳችን ቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ፤ ከእሱ ብጀምር ይህ ደብዳቤ የጨዋ ሰው ደብዳቤ ሆኖ አይቆይም ብዬ ፈርቻለሁ።

በሥራ ብዛት ዘንግተውን ከሆነ፣ እኛ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ቀድሞ የልብስ ማጠቢያ በነበረው ቤት ውስጥ የምንገኘው ነን። እኔ ኢርማ ሌህቶ ሐሳብ አመጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፤ ፊርሚን ቦድሪ ይስላል፣ ይቀርጻል፣ ይቀባል፤ ቨርና ትሰፋለች፣ በትርፍ ጊዜዋ ሁለታችንን ትቆጣለች። የምንሠራው ለትንንሽ ልጆች መማሪያ የሚሆኑ ነገሮችን ነው፤ የሚቆጠሩ የጨርቅ ዓሣዎች፣ የሚገጣጠሙ የእንጨት ፊደላት፣ ልጆች ሐኪምና እሳት አጥፊ መስለው የሚጫወቱባቸው ልብሶች። በእድሜ የገፉ ሦስት ሰዎች «ካሮት ፈገግ ማለት አለበት ወይስ የለበትም» እያሉ ከጠዋት እስከ ምሳ ሲጨቃጨቁ ሰምተው የሚያውቁ ከሆነ፣ በበራችን አልፈዋል ማለት ነው። ጉዳዩ እስካሁን አልተወሰነም፤ ቨርና «ሊበላ የቀረበ ነገር ምን አስደስቶት ነው የሚስቀው?» በሚለው አቋሟ እንደ ጸናች ናት።

በቤታችን አንድ ሕግ ብቻ አለ። የሚስ ላውሪ ክፍል የኬጂ ልጆች ሳይፈትኑት ምንም ነገር አይሸጥም። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ፤ የሠራነውን ይጥሉታል፣ ይልሱታል፣ ይቀመጡበታል፣ እኛ ባላሰብነው መንገድ ይጫወቱበታል፤ እኛ ዳር ቆመን እናያለን። ካልወደዱት ሥራው ወደ ጠረጴዛ ይመለሳል፣ ይግባኝ የለም። የቦርዳችን አባላት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸውም እንደ ሌሎች ቦርዶች ሳይሆን በእውነት ሲደክማቸው ብቻ ነው።

የሚሻገሩት መንገድ ግንድ የጫኑት ከባድ መኪናዎች ከጫካው ወደ እንጨት መሰንጠቂያው የሚወርዱበት ያው መንገድ ነው። ከመንገዱ ወዲህ የእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ፣ የሆኪ ሜዳውና የልጆቹ የግማሾቹ መኖሪያ ይገኛል። በዚህ መንገድ ላይ ዜብራ ተቀብቶ አያውቅም። የምጽፍልዎ ስለዚሁ ነው፤ ምስጋናዬንም ለምክር ቤቱ አሠራር እንዲመች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስጦታችንን ስለሰቀሉልን አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት «ሰፈሬ» የተባለ ወለል ላይ የሚነጠፍ የመጫወቻ ምንጣፍ ሠርተን ነበር። መንገድ፣ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሱቅ ተስሎበታል፤ አብረውት ደግሞ ጣት የሚያክሉ የእንጨት ሰዎች አሉ። ፊርሚን ከተማ ሳል ሲባል የሚያውቀው አንድ ከተማ ብቻ ስለሆነ ታማራክ ፖይንትን እንዳለች፣ ከነዘመመው የውኃ ማማዋ ሳላት። ምንጣፉ ለፈተና የቀረበ ቀን ልጆቹ የእንጨት ሰዎቻቸውን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መንገዱ ዳር አምጥተው ቆሙና ቀና ብለው አዩን። «በየት ነው የሚሻገሩት?» አለች ኦዴት የምትባለው፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው። አንዱ «ይብረሩ» አለ። ሌላው «ሰው አይበርም፣ ደደብ!» ብሎት ሊደባደቡ ነበር። ፊርሚን «ቆይ ቆይ፣ አንዴ ጠብቁኝ» አለና ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ እዚያው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ፣ በትምህርት ቤቱ ፊት ዜብራ ቀባላቸው። ሻይ ለማፍላት የሚወስደውን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደበትም። ልጆቹ ቀለሙ እስኪደርቅ ተጨንቀው ጠበቁና ሰዎቻቸውን አሻገሩ፤ ምንጣፉም ፈተናውን አለፈ።

ከተማዋ የልደት በዓሏን ስታከብር አንዱን ምንጣፍ ለምክር ቤቱ ሰጠን። እርስዎም በትልቅ ደግነት ወለል ላይ አይነጠፍም ብለው ከወንበርዎ ጀርባ ሰቀሉት። ሦስታችንም ኮራን፤ ቨርና እንዲያውም ለበዓሉ ብላ የገዛችውን ቀሚስ ሁለተኛ ቀን ለብሳው መጣች። ያን ቀን ምንጣፉን ጠቅልለን ወደ ቤታችን ብንመልሰው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ሁለተኛ፤ የወላጆችን አቤቱታ በፍጥነት ስላስተናገዱ አመሰግናለሁ። በጸደይ ወራት ሚስ ላውሪና ወላጆች «በትምህርት ቤቱ ፊት ዜብራ ይቀባልን» ብለው ለምክር ቤቱ አመለከቱ። ስብሰባው ላይ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበርና የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ማመልከቻውን አነበቡ፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቀሉ፣ ወንበርዎን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጣትዎን ምንጣፉ ላይ አኑረው «ይኸው አይደል እንዴ! ከዚህ በላይ ምን እንቀባላችሁ?» አሉ። የምክር ቤቱ አባላት አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አንደኛው «ደግሞ እንዴት ነጭ ነው» ሲሉ አደነቁ። ሚስ ላውሪ «ክቡር ከንቲባ፣ እሱ እኮ መጫወቻ ነው፤ መንገዱ ላይ የለም» ብትል፣ እርስዎ «የኔ እመቤት፣ ይህ በባለሙያ የተሳለ የከተማችን ካርታ ነው፤ ባለሙያዎቹም ያውና ከኋላ ተቀምጠዋል» ብለው በፈገግታ ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔ አፌን ከፍቼ ቃል እስካገኝ ድምፅ ተሰጥቶ አለቀ። ውሳኔው የተጠየቀው ነገር አስቀድሞ የተፈጸመ ስለሆነ አቤቱታው ተዘግቷል የሚል ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ እንኳ ሥዕልን እንዲህ አምኖ አያውቅም።

እዚሁ ላይ፣ ሦስተኛ ብዬ ልለየው ወይስ ከሁለተኛው ጋር ልተወው ብዬ ያመነታሁበት አንድ ምስጋና አለ። ምክር ቤቱ አቤቱታውን በዘጋ በሳምንቱ፣ ለዜብራው ተገቢው እንክብካቤ እንዲደረግለት ጎርድን ልከውልናል። ጎርድ በሳምንቱ መጀመሪያ የከተማው የመንገድ ሠራተኛ፣ በሳምንቱ አጋማሽ ደንብ አስከባሪ፣ ዓርብ ደግሞ የፈቃድ ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በኮፍያው ቀለም መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ያን ቀን ብርቱካናማውን ኮፍያ አድርጎ፣ ባልዲ ሙሉ ነጭ ቀለምና ረጅም ብሩሽ ይዞ፣ በመንገዱ ላይና ታች ሲመላለስ ቆየና በራችንን አንኳኳ።

«ኢርማ፣ ዜብራችሁን የት አደረጋችሁት?»

«የለም እኮ ጎርድ፤ ኖሮም አያውቅም።»

«ወረቀቱ ያለውን አድስ ነው የሚለኝ። የሌለውን አድስ አይልም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀለሙን ይዘሃል፣ ብሩሹን ይዘሃል፣ ቦታው ላይ ቆመሃል፤ ዝም ብለህ ቀባዋ!»

«ማደስ ሌላ፣ አዲስ መቀባት ሌላ። ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው እንዴ?» አለና፣ ቨርና የሰጠችውን ዶናት በልቶ፣ ባልዲውን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። ሦስታችን በመስኮት ቆመን ቀለሙ ሲሄድ አየነው።

አራተኛ፤ ስለ እውነት ያለዎትን ጽኑ አቋም አደንቃለሁ። ምንጣፉ የመጫወቻ ምንጣፍ መሆኑን፣ ዜብራውም በልጆች ጥያቄ የተጨመረ መሆኑን ገልጬ በጻፍኩልዎ ጊዜ፣ ሌላ ከንቲባ ቢሆን ኖሮ ሐፍረት ይዞት መንገዱን ያስቀባ ነበር። እርስዎ ግን ቀላሉን መንገድ ንቀው፣ ኩባንያችን «ከተማው የሌለውን ንብረት እንዳለው አድርጎ በማሳየቱ» ምንጣፉን በአስቸኳይ እንዲያርም አዘዙ። ትእዛዙን ያመጣልን ያው ጎርድ ነው፤ ኮፍያው ሰማያዊ ሆኗል። ሜትር ይዞ ምንጣፋችንን ለካ። «ከንቲባው ያለው ብቻ ይታይ ብለዋል» ሲለን ፊርሚን ያለውን በሙሉ አሳየ፤ ዜብራውን በጥቁር ቀለም ሸፈነ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ያለውን ጉድጓድ ከነውኃው ሳለ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ የወደቀውን አጥር እንደወደቀ ሳለ። እርስዎም ጉድጓዱና አጥሩ የከተማዋን መልካም ስም ስለሚነኩ እንዲጠፉ፣ ዜብራው ግን እንደጠፋ እንዲቆይ በሁለተኛ ትእዛዝ አሳወቁን። ይህን ያህል ለአንድ ምንጣፍ የሚጨነቅ አስተዳደር ያላት ከተማ በአገሪቱ ሌላ የምትገኝ አይመስለኝም።

የታረመው ምንጣፍ ሐሙስ ለፈተና ቀረበ። ልጆቹ ሰዎቻቸውን እንደለመዱት ከትምህርት ቤቱ አወጡና መንገዱ ዳር ደርሰው ቆሙ። ጥቁሩን ቀለም በጣታቸው ፈተጉት፤ አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ያየነውን እስከ ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። አንዱ ከመሐረብ ድንኳን ሠራላቸው። ሌላዋ እዚያው መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተች። ሁለቱ ተጋቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ልጃቸውንም ድንኳኑ ውስጥ ትምህርት አስጀመሩ። «ለምንድን ነው የማይሻገሩት?» ብዬ ብጠይቃት ኦዴት «እስኪያድጉ እየጠበቁ ነዋ» አለችኝ፣ ግልጽ የሆነውን ነገር ያላየሁ ይመስል በመገረም እያየችኝ። አንድም ሰው ሳይሻገር ጠዋቱ አለቀ። በቤታችን ሕግ መሠረት ምንጣፉ ወድቋል፤ ስለዚህ በሕግ የታዘዝነውን ምንጣፍ አንሸጥም፣ ልጆች የተቀበሉትን ምንጣፍ ደግሞ መሸጥ አልተፈቀደልንም። የመጀመሪያው የታረመ ናሙና የሚስ ላውሪ ክፍል ውስጥ ቀረ።

አምስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ትንሽ ሊያልቅብኝ ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ፊርሚን ልጆቹን ራሱ ማሻገር ጀመረ። ከልጆች መጫወቻ ልብሶቻችን መካከል አንድ የትራፊክ ፖሊስ ስብስብ አለ፤ ውስጡ ሳህን የምታክል «ቁም» የምትል ቀይ ምልክት አለች፣ ለአምስት ዓመት ልጅ እጅ የተሠራች። እሷን ይዞ መንገዱ መሐል ይቆማል። ሽበታም ሰው፣ ቀለም የነካው ሱሪ፣ በእጁ የልጅ መጫወቻ፣ ከፊቱ ቤት የሚያክል የግንድ መኪና። እና ይቆሙለት ነበር! ሹፌሮቹ ጥሩምባ ይነፉለታል፣ በመስኮት ብቅ ብለው «አለቃ፣ መንጃ ፈቃዴን ላሳይህ?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም «እለፍ፣ ዛሬ ምሬሃለሁ» ይላቸዋል። በከተማችን ለልጆች ሲባል የተሠራ ብቸኛው የመንገድ ደህንነት ሥራ ይኸው ነበር፣ የሠራውም የመጫወቻ ኩባንያ ነው።

ምክር ቤቱ ይህን ዝም ብሎ አላየም። ባለ ሰማያዊ ኮፍያው ጎርድ መጥቶ መጫወቻ ይዞ ትራፊክ ማስተናገድ ክልክል መሆኑን ነገረው፤ ፈቃድ እንዲያወጣም መከረው። ፊርሚን ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። በመስኮቱ ጀርባ ጎርድ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል።

«ፈቃድ የሚሰጠው ዜብራ ላይ ለሚቆም ሰው ነው» አለው። «ዜብራህ የታለ?»

«ምክር ቤቱ አለ ብሏል።»

«እሱ ለአቤቱታው ነው። ለፈቃድ ሲሆን የለም።»

«ጎርድ፣ እኔና አንተ አብረን ነው የተማርነው። ያቺን መንገድ ስንት ጊዜ ሮጠን ተሻግረናል?»

«እኔ ምን ላድርግ ፊርሚን? እኔ ኮፍያ ነኝ» አለው ጎርድ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። ፊርሚን ይህን ሲነግረን አልተናደደም፤ ለጎርድ አዘነለት። እኔ ግን ተናደድኩ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣ ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ የሰሙት በሪፖርት ነው፤ እኔ ግን በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነው፣ እርጥብ በረዶ እየጣለ። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተሻገሩ፣ ፊርሚን መሐል ቆሞ ምልክቷን ይዞ ነበር። መኪናው ከኮረብታው ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ግን በረዶው ላይ ተንሸራተተ። ፊርሚን ዞር ብሎ ከሰልፉ መጨረሻ የነበረችውን ኦዴትን በካፖርቷ አንስቶ ወደ ዳር ወረወራት፤ መኪናው በጎኑ ገፍቶት አለፈ። ልጆቹ አንዳቸውም አልተነኩም። ኦዴት አንድ ጫማዋ ጠፍቶባት፣ በካልሲዋ በረዶው ላይ ቆማ ትጮህ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ መንገዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ፊርሚን ጋ ስደርስ የሞተ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ገልጦ «ምልክቷን አንሺያት ኢርማ፣ ያለችን ናሙና እሷ ብቻ ናት» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ የሳቅሁበትን ምክንያት ለራሴም ማስረዳት አልችልም፣ ቨርና ደግፋ እስክታነሳኝ ድረስም ማቆም አቃተኝ።

የዳሌው አጥንትና እግሩ ተሰብሯል። ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እንደገና ይራመዳል ይላሉ፣ እንዴት እንደሚራመድ ግን አይናገሩም። በመግቢያዬ ላይ ከአንዳችን በቀር ደህና ነን ያልኩዎ ይህንን ነው።

ስድስተኛ፤ ከአደጋው በኋላ ምክር ቤቱ ላሳየው ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። በአስቸኳይ ስብሰባ ሦስት ነገር ወሰናችሁ። ለፊርሚን የማዘጋጃ ቤቱ ሥዕልና የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለበት የመልካም ምኞት ካርድ ተላከለት። ምልክቷ በማስረጃነት ተወሰደች፤ ጎርድ ሲወስዳት ኮፍያ እንዳላደረገ ልነግርዎ እወዳለሁ፣ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም እንጂ። ሦስተኛውና ዋናው ውሳኔ ደግሞ የኬጂ ልጆች የሐሙስ ጉብኝት መከልከሉ ነው። «ካልተሻገሩ አይገጩም» ሲሉ የተናገሩት በአካባቢው ጋዜጣ በትልቁ ወጥቶ አንብቤዋለሁ። በአመክንዮው ላይ ምንም ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ካልተወለዱም አይገጩም።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው በመስኮት ነው። ሐሙስ ሲደርስ ቨርና አዲሱን የጨርቅ ዓሣ መስኮታችን ላይ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ ከመንገዱ ማዶ ልጆቹ የክፍላቸው መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ያያሉ። ሚስ ላውሪ ስልክ ደውላ ውሳኔያቸውን ትነግረናለች። «ዓሣው ሰነፍ ይመስላል ይላሉ» ትላለች፤ ወይም «ሊልሱት ይፈልጋሉ፣ ምን ልበላቸው?» በመሐላችን ግንድ የጫነ መኪና ሲያልፍ ፈተናው ይቋረጣል፣ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። እንዲህ ተፈትኖ የተሸጠ ነገር እስካሁን የለንም፣ በመስኮት የተላሰ ነገር የለምና። በዚህ አያያዝ ቀይ ጓንት ክረምቱን የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ግን የምለምንዎ ስለ ቀይ ጓንት አይደለም።

የከለከሉት የሐሙስ ጠዋቱን መሻገር ብቻ ነው፣ ክቡር ከንቲባ። ትምህርት ሲያበቃ ከመንገዱ ወዲህ የሚኖሩት ልጆች ዛሬም በየቀኑ ይሻገራሉ፤ ያለ ዜብራ፣ ያለ ምልክት፣ አሁን ደግሞ ያለ ፊርሚን። ኦዴት ከእነሱ አንዷ ናት። ደወሉ በተደወለ ቁጥር እኔና ቨርና የያዝነውን መቀስና ኮላ ጥለን በሩ ላይ እንቆማለን፤ ምንም የምንይዘው ነገር ስለሌለን ዝም ብለን እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። ቨርና ጉልበቷ አይታጠፍም፣ እኔም መሮጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የመጨረሻው ልጅ እስኪያልፍ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነው። እፈራለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምናገርበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ነው። ባልዲው ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ውስጥ አለ፤ ጎርድ ሳይከፍተው የመለሰው ያው ነው። ከተማው ለመቀባት ሥልጣን የለኝም ካለ፣ እኔና ቨርና እንቀባዋለን፤ ይህ ጥፋት ነው ከተባለም ስማችንና አድራሻችን ከዚህ በታች ይገኛል፣ ሰማያዊውን ኮፍያ በማንኛውም ሰዓት መላክ ይችላሉ። ምንጣፉንም ከግድግዳዎ አውርደው ቢመልሱልን፣ ለጥሩ አገልግሎት እናውለዋለን።

ለምክር ቤቱ አባላት ጤና፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማሞቂያ ረጅም ዕድሜ፣ ለክቡርነትዎም ወደ ሥራ ሲመላለሱ መኪና የማያቋርጠው ጥርጊያ መንገድ እየተመኘሁ፣ በዚህች ከተማ ተወልጄ፣ በዚህች ከተማ ሦስት ትውልድ ፊደል አስቆጥሬ፣ እርስዎንም ጭምር ቀለም ከመስመር ሳይወጣ መቀባት ያስተማርኩ፣

ምንጊዜም ታዛዥዎና አክባሪዎ፣
ኢርማ ሌህቶ
ቀይ ጓንት የትምህርት መርጃዎች፣ ዋናው መንገድ፣ ታማራክ ፖይንት

በኋላ የታሰበ፤ ሚስ ላውሪ እንደነገረችኝ፣ ልጆቹ በታረመው ምንጣፍ ላይ መንገዱን የሚሻገሩበት ዘዴ አግኝተዋል። ትልልቆቹን የእንጨት ሰዎች፣ ሐኪሟን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ፖስተኛዋን፣ እሳት አጥፊውን፣ ፀጉር ቆራጩን፣ አንድ በአንድ ጥቁሩ መንገድ ላይ አጋድመው ደርድረዋቸዋል፣ በላያቸው ላይ ትንንሾቹን ለማሻገር። ከሁሉ ፊት ያጋደሙት ቨርና በጥያቄአቸው የቀረጸችላቸውን ፊርሚንን ነው። ያም ሆኖ መስመሩ ማዶ ሊደርስ አንድ ትልቅ ሰው ጎደለው፤ ትንንሾቹም ሳምንቱን ሙሉ ጥግ ይዘው ቆሙ።

ፊርሚን ይህን ሲሰማ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ ካርድዎ ላይ ያለውን ፎቶግራፍዎን እያየ እርስዎን ቀርጾ በፖስታ ላከልን፤ ከነመነጽርዎ፣ በጣም ይመስላሉ። ትናንት ሚስ ላውሪ መጥታ ወሰደችልን። ልጆቹ ተቀብለው አገላብጠው አዩዎትና ክፍት በነበረው ቦታ ላይ አጋደሙዎት። ልክክ አሉ። ከዚያም ትንንሾቹ ሁሉ በእርስዎ ላይ ረግጠው በደህና ተሻገሩ።